የበሩ ሚስት

«እንደ እኔ የሚያዛጋ ሰው በዚህ ከተማ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ» አለች ካውያ፣ በአንዱ እግሯ የሌላውን ጫማ ተረከዝ ረግጣ እያወለቀች። «ማዛጋት ስጦታ ነው። ሌላው ሰው አፉን ይከፍታል እንጂ አያዛጋም።»

የምታወራው ለአክስቷ ነው። የሆስፒታል ወለል ስትወለውል የምታድር ሴት ናት፤ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ትንሽ ጋደም ብላ ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ስባ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ካውያ የሚሏት በሥራዋም በምላሷም ነው። ጠዋት ላውንደሪ ቤት የሰው አንሶላ ትተኩሳለች፤ ከሰዓት ቲያትር ቤት የተዋንያን ልብስ። ሁለቱንም ቆማ ነው የምትሠራው። ሲመሽ እግሯ የራሷ አይመስላትም፤ የተዋሰችው ነው የሚመስላት። ለጉራዋ ግን ምክንያት አላት። ሰዉ ሁሉ ቅዳሜን የሚናፍቅላት የጭውውት ሚስት እሷ ነበረች፤ ፊቷን ያየ ግን የለም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

አንድ ቅዳሜ ኮሜዲያኑ የልብስ መተኮሻውን ክፍል በር ጎንበስ ብሎ ገባ። ረጅሙ ነው የሚሉት፤ በሁሉም በር ጎንበስ ማለት ልማዱ ነው።

«ኮሌታዬ ተጨማዷል።»

«ፊትህም ተጨማዷል። እሱንም ልተኩስልህ?»

ረጅሙ ሰው ማሳቅ እንጂ ሲሳቅበት አልለመደም። ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ ልክ እንደ እሷ።

«ይቅር» አለ። «ፊቴ የሥራ ልብሴ ነው።»

የዚያን ቀን አዲስ ጭውውት ነበረው። አምሽቶ የገባ ባል ሆኖ፣ በተዘጋ በር ፊት ቆሞ ለሚስቱ ይዋሻል። ሚስት የለችም፤ ያለው በሩ ብቻ ነው። እሱም በር እንዳይመስላችሁ፤ ስስ ጣውላ ነው፤ ሲነኩት ይወድቃል። አዘጋጁ ቢቸግረው ካውያን ጠራት።

«አንቺ ልጅ፣ ከኋላ ሆነሽ በጀርባሽ ደግፊልን።»

«ክፍያ አለው?»

«ወንበር እንኳ የለውም።»

ደገፈችው። ረጅሙ ከወዲያ በኩል ስለተበላሸ አውቶቡስ ሲዋሽ፣ እሷ ከወዲህ ከንጋት ጀምሮ የቆመችበት ድካም መጣባትና አዛጋች። ያውም በድምፅ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ረጅሙ አንድ አፍታ ደነገጠ። ከዚያ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ፣ «አልተኛሽም እንዴ የኔ እመቤት?» አለ። ካውያ ከድንጋጤዋ የተነሣ ደግማ አዛጋች። የፊት ወንበር ላይ ያሉት አብረዋት አዛጉ። ማዛጋት ይጋባል አይደል?

በሳምንቱ ሰዉ «ሚስትየዋስ?» ብሎ ጠየቀ። የበሩ ሚስት በዚሁ አደገች። መጀመሪያ ማዛጋት ብቻ ነበረች። ቀጥሎ ውሸቱ ሲበዛባት በበሩ አናት ላይ ነጠላ ጫማ ትወረውር ጀመር። ቆይቶ በሩ ገርበብ ይልና አንዲት እጅ ወጥታ ባልየው የያዘውን የዳቦ ፌስታል ቀምታ ትገባለች። በመጨረሻ አንድ ቃል ተጨመረላት። ረጅሙ «እየመጣሁ ሳለ አንድ የድሮ ጓደኛዬ...» ብሎ ሲጀምር፣ ከውስጥ በደከመ ድምፅ «ቀጥል» ትለዋለች። በቃ፣ ቀጥል። ልጆች አባታቸው ሲቆጣ «ቀጥል» እያሉ ስንት ኩርኩም ቀመሱ መሰላችሁ።

አንድ ቅዳሜ ግን ረጅሙ መዋሸቱን ተወ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬ ውሸት አለቀብኝ» አለ። «ደክሞኛል። ስንቱን ሳስቅ ውዬ ቤቴ ስገባ፣ የሚያኮርፈኝ እንኳ የለም። አንቺ ግን ትሰሚኛለሽ...»

አዳራሹ ሳቀ፤ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሳቀው። ካውያም ከወዲህ ተቀምጣ ነበር። በስሱ ጣውላ በኩል የጀርባው ሙቀት ጀርባዋ ላይ ደረሰ። ሙቀት ሥራዋ ነው፤ ታውቀዋለች። እንዲህ ያለውን ግን አታውቀውም።

«ቀጥል» አለች። 

ትርዒቱ ሲያልቅ ኮሪደር ላይ ተገናኙ። «ያልከው እውነትህን ነው?» ልትለው ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሱሪህን አቧራ አስበላኸው።»

እሱም የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። «አራግፈዋለሁ» አለና ሄደ።

ምን ይደረግ፤ በመሃላቸው በር ከሌለ ማውራት አይችሉም።

ብዙም ሳይቆይ አዘጋጁ ሰማያዊ ቀሚስ ይዞ መጣ።

«የበሩ ሚስት በዚህ ቅዳሜ መድረክ ላይ ትወጣለች። አሳምረሽ ተኩሺው።»

ካውያ ቀና አለች። «ማን ናት የምትወጣው?»

«ረጅሙ ነው የመረጣት። ቀሚሱንም ያሰፋው እሱ ነው። እሱን ጠይቂው።»

መጠየቅ ምን ያደርጋል? በተከፈተው በር በኩል ይታያል። አዲስ የመጣች ተዋናይ፣ አንገቷ መለሎ፣ ጥርሷ በረዶ፣ ከረጅሙ ጋር ወረቀት ይዛ ትስቃለች። «ይቺ ደክሟት የሚያውቅ አይመስልም» አለች ካውያ በሆዷ። «እኔ በሩን እንዳይወድቅ ልያዝላት፣ እሷ በበሩ ትውጣ።»

የጋለውን ካውያ ቀሚሱ ላይ አሳረፈችው። አላነሣችውም። እጄ ዝሎ ነው ብላ ለራሷ ነገረች። ጭሱ እስኪወጣ ቆማ አየችው። የቀሚሱ ጀርባ ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ቀረ። ገመዱን ነቅላ ወደ ቤቷ ሄደች። ቅዳሜም ቀረች።

እሑድ ከሰዓት የቤታቸው በር ተንኳኳ። አክስቷ ከሌሊት ሥራዋ ተመልሳ ተኝታለች።

«ማነው?»

«ባልሽ» አለ የረጅሙ ድምፅ። ከዚያ አፈረ መሰለኝ። «ማለቴ... የበሩ።»

ካውያ ሄዳ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደገፈች። ልማድ ነው።

«ሂድ፤ አክስቴ ተኝታለች።»

«አምሽቼ መጣሁ። ይቅርታ።»

«እሱን ለዚያች ለቆንጆዋ ሚስትህ ንገራት።»

«ለየቷ? አዲሷን ልጅ ነው? እሷ እኮ የቤት አከራይ ሆና ነው የምትሠራው። የበሩ ሚስት አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ካውያ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ትናንት በሩ ወደቀ» አለ ረጅሙ። «ደጋፊ የለውማ። ገና ስነካው ዷ ብሎ ተዘረጋ። ሰዉ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። እኔ ግን ከበሩ ኋላ ባዶውን አየሁት። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።»

በበሩ ሥር ጨርቅ እየተገፋ ገባ። ሰማያዊው ቀሚስ።

«ልኩን የወሰድኩት ተሰቅሎ ካገኘሁት ጋውንሽ ነው። ቀኝ እጅጌውን አሳጠርኩት፤ ስትተኩሺ ሁልጊዜ የምትጠቀልዪው እሱን ስለሆነ።»

ካውያ ቀሚሱን ትከሻዋ ላይ ለካችው። ልክክ አለ። ቀዳዳው ብቻ ነው ትርፉ። የገዛ ቀሚሷን ነው ያቃጠለችው።

«ላስደስትሽ ብዬ ደበቅኩሽ። ጥፋቴ ነው» አለ ከውጭ። «ፊት ለፊት ሳገኝሽ አፌ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ በዚሁ በር ልንገርሽ። መድረክ ላይ ባትፈልጊ አትውጪ። ግን ቤቴ ስገባ አንቺ ብትኖሪ... ሁለታችንም ደክሞን ብንገባ፣ አብረን ዝም ብንል... ታገቢኛለሽ?»

መመለስ ነበረባት። «ቀጥል» ልትል ሞከረች፤ ቃሉ አልወጣላትም። ለማዛጋት ሞከረች፤ አፏን ስትከፍት የወጣው ሳግ ነው። ያ ስጦታ የተባለው ማዛጋት በተፈለገ ቀን ጠፋ።

ውጭ ረጅሙ ጠበቀ። ጠበቀና ጫማው ጠጠሩ ላይ ሲዞር ተሰማ። ሊሄድ ነው።

ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ማዛጋት ተሰማ። ረጅም፣ ከሆድ ሥር የተነሣ፣ መሃል ላይ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ የሚያቃስት፣ መጨረሻው ላይ «እህህ» ብሎ የሚያርፍ ማዛጋት።

ውጭ ረጅሙ ሳቀ። ቆይቶም አብሮ አዛጋ።

«እሺ ማለት ነው አይደል? እንዲህ አዛግተሽ እኮ አታውቂም።»

ካውያ እንባዋን በቀሚሱ አጭር እጅጌ ጠረገች። «እሺ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቁም፤ ፊቴን ልታጠብ።»

ጉራ ግን የት ይለቃታል? ፊቷን ሳትታጠብ ወደ አልጋው ዞራ አንሾካሾከች።

«ሰማሽው አክስቴ? አልኩሽ እኮ። በማዛጋቴ ነው የያዝኩት።»

«ያዛጋሁት እኔ ነኝ» አለች አክስቷ ከብርድ ልብሱ ሥር። «አሁን ክፈቺለትና ልተኛበት።»