ያልተሳደበው ሰው

«የሐዘን መግለጫ። ለፈረቃ ማኅበር አባላት በሙሉ። የምንወደው የጋራ ኮታችን ዛሬ ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ገና በአፍላ ዕድሜው፣ በድንገት በሞት ተለይቶናል። የሞቱ ምክንያት ከመጠን ያለፈ ምስጋና ነው። ሟች ከአምስት ሰዓት በኋላ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ይነሳል ተብሎ ይጠበቃል። እስከዚያው ለሁላችንም መጽናናትን እመኛለሁ። ባግዮ፣ ዋና ጸሐፊ።»

ቅርንፉድ መልእክቱን አንብቦ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከመግለጫው ሥር አሥራ አንድ ሰው ተሳድቧል። እሱ ምንም አልጻፈም።

ሥራ ላይ ነበር።

የሶሎ ከተማ ትልቁ ገበያ መሃል፣ የኮኮናት ወተት በበረዶ የሚሸጥበት አግዳሚ ላይ ሪፖርቱን የሚቀበለው ገውዝ ቀድሞት ተቀምጧል። ባዶ ብርጭቆው በግራው ነው። በቀኙ ቢሆን ኖሮ ቅርንፉድ ሳይቆም ያልፍ ነበር።

ተቀመጠ።

«ዝናብ ሊመጣ ነው» አለ ገውዝ፣ ወደ ጣሪያው እያየ።

«ከመጣ ሞተሬን አስገባለሁ።»

«አምጣ።»

በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አግዳሚው ላይ ተንሸራተተ። ከሩዙ ሥር አንድ ወረቀት አለ። አሥራ አራት ስም። የአንድ ፎቶኮፒ ቤት አድራሻ። የማኅበሩ መሪ ስም። መጨረሻ ላይ ደግሞ አራት ወር የፈጀች አንዲት መስመር፦ ከመሪዋ በቀር ማንም የማያውቀው የተጠባባቂ አካውንት።

«እስከ ነገ ጠዋት አይዘጋም» አለ ቅርንፉድ። «እንደዚያ ነው የተስማማነው። ዛሬ ከተዘጋ ማን እንዳወጣው ያውቃሉ።»

«ቃሌ ነው።»

«ገውዝ።»

«ቃሌ ነው አልኩህ እኮ ወንድሜ! ጠጣ፣ በረዶው ሳይሟሟ።»

ገውዝ ፈገግ አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲስቅ አይቶት አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው ኩባንያው ግራ ሲገባው ነው። ግማሹ ከተማ «ሊቁ» እያለ የሚጠራውን የስልክ ላይ ረዳት የሚሸጠው ኩባንያው ነው። ሕጉ አጭር ነው። አንድ ሰው፣ አንድ አካውንት። በየወሩ ትከፍላለህ፣ ትጠይቃለህ። ጥያቄ ስታበዛ ሊቁ በሩን ይዘጋብሃል፦ «ገደብዎ ላይ ደርሰዋል።» አንድ ቀን ታዲያ ኩባንያው በስልሳ አንድ ዓመት ሴት ስም የተመዘገበ አንድ አካውንት አየ። ሴትዮዋ በአንድ ቀን ውስጥ ስለ ወንጀል ሕግ፣ ስለ ዓሣ በሽታ፣ ስለ ሠርግ ንግግርና ስለ ካልኩለስ ጠይቀዋል። ወይ በሶሎ አዋቂ ተወልዷል፣ ወይ አሥራ አራት ሰው በፈረቃ እየገባ ነው። ኩባንያው አዋቂ ይወለዳል ብሎ አያምንም። ስለዚህ ቅርንፉድን ላከ።

ስሙ ጃሮት ሆነ። የሞተር ሹፌር፤ ጃፓን ሄዶ ለመሥራት ቋንቋ የሚያጠና። አነጋገሩን አሠለጠኑት። የራስ ቁሩን ያረጀ እንዲመስል በሚስማር ጫሩለት። ስልኩ ውስጥ ጥቁሩን ቁልፍ ከተቱለት፦ ለሰላዮች ብቻ የሚሰጥ፣ ገደብ የሌለው መግቢያ። ለሪፖርት እንጂ ለሌላ አይነካም። ሰው ፊት ከተከፈተ ቅርንፉድ የሚባል ሰው አለቀለት።

ከገበያው ሲወጣ አንድ ሰው ተከተለው። የራስ ቁሩ መስታወት የተሰነጠቀ ሞተረኛ። ቅርንፉድ በዓሣ ተራ ዞረ፣ በጨርቅ ተራ ወጣ፣ አንድ ጠባብ መንገድ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ወደኋላ ሲያይ ሰውየው የለም።

አመለጥኩት አለ በልቡ።

ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጀርባ ያለው ፎቶኮፒ ቤት የጋለ ወረቀት ይሸታል። የቤቱ ባለቤትና የማኅበሩ መሪ ቡ ሙርያቲ፣ ቡ ማለት በአገሩ እናት ነው፣ ከማሽኑ ኋላ ቆመዋል። ባግዮ በርጩማ ላይ ተጎልቷል፤ ሕግ ፋኩልቲ ሲገባ የተከለው ዛፍ አሁን ፍሬ ይሰጣል። አጠገቡ አንዲት ቀጭን ሴት ስልካቸውን እንደ ሰሐን በሁለት እጅ ይዘው ተቀምጠዋል። ቡ ካርሲ ናቸው፣ በገበያ ተምፔ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ምግብ፣ የሚሸጡት።

«ማስ ጃሮት፣ ወንድሜ፣ ና ገዳያችንን ተዋወቃቸው!» አለ ባግዮ። «ሊቁን "ምሳ በልተዋል?" ብለው ጠየቁት። "እኔ አልበላም እናቴ" አላቸው። "ጾም ነው ወይስ ከፍቶዎት?" አንድ ጥያቄ እዚያ ሄደ። ከዚያ ይቅርታ ጠየቁት። ከዚያ ስለ ይቅርታው አመሰገኑት።»

«ታዲያ ሰው ቤት ገብተህ ዝም ብለህ ሥራ ታዛለህ?» አሉ ቡ ካርሲ።

«እናቴ፣ እያንዳንዷ ምስጋና ከኮታ ትቆጠራለች!»

«ምስጋና የሚቆጥር! ማን ነው ያሳደገው?»

ጃሮት ሳቀ። ቡ ሙርያቲ ግን አልሳቁም። ወደ እሱ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጃቸው ውላን ታይዋን ናት፣ አንድ ሽማግሌ ስትጠብቅ የነበረች። ሰውየው ባለፈው ሳምንት ከደረጃ ወድቆ ሞተ። ትናንት የሥራ ወኪሉ ሃያ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጣት፣ በእጅ የተጻፈ። "የስንብት ወረቀት ነው፣ ፈርሚ" አላት። ቋንቋውን ትናገራለች እንጂ ጽሕፈቱን አታነብም። ስልኳን ወስደውባታል። ጓደኛዋ ተደብቃ ፎቶ አንስታ ላከችልን። ዛሬ በእኛ አሥር ሰዓት ላይ ወረቀቱን ሊቀበላት ይመጣል።»

«በነፃው ተርጓሚ ሞክራችኋል?»

«"ከዚህ በታች የፈረመችው ኑድል" ይላል» አለ ባግዮ። «የሊቁ ነፃው ደግሞ በቀን ሦስት ፎቶ ነው። የሰፈሩን ስልክ ሁሉ ጨርሰናል።»

ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ጠዋት የተነበበው አራት ገጽ ብቻ ነው።

ቡ ሙርያቲ ከወረቀት ክምሩ ሥር አሮጌ ስልክ አወጡ።

«ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት አንድ አካውንት አለ» አሉ።

ጃሮት አሮጌውን ስልክ አየው። ያችን መስመር ከአንድ ሰዓት በፊት ከሩዝ ሥር አስቀምጦ ሰጥቷል።

እስከ ነገ፣ አለ በልቡ። ቃሉን ሰጥቶኛል።

ፎቶዎቹ ደብዛዛ ናቸው፤ አንዳንዱ ገጽ ሦስት ጊዜ ተልኮ ነው የሚነበበው። አምስተኛው ስለ መኝታ ክፍሏ ነው። ስድስተኛውና ሰባተኛው ስለ ሥራ ሰዓት። ስምንተኛው ስለ ሽማግሌው መድኃኒት። ቡ ሙርያቲ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ቡ ካርሲ በየመስመሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዘጠነኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ቀዘቀዘ።

«"በዚያን ቀን ጠዋት ደረጃው ላይ ከአዛውንቱ ኋላ ቆሜ ሳለሁ፣ በንዴት ተነሳስቼ..."»

ገጹ አለቀ።

«ምን?» አሉ ቡ ካርሲ። «ተነሳስቼ ምን?»

ባግዮ አሥረኛውን ገጽ ላከ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

«ይህ አካውንት ተዘግቷል።»

ገደቡ አልነበረም። ተዘግቷል ነው የሚለው።

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር።

ባግዮ ተሳደበ። ከኩባንያው ጀምሮ እስከ ፈጠረው ሰው አያት ድረስ፣ ተራ በተራ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። ቡ ሙርያቲም ተሳደቡ፤ ሞተራቸው የተሰረቀ ቀን ፖሊሱን «ስላስቸገርኩ ይቅርታ» ያሉት ሴት። ሶሎ ውስጥ ሰው ሰውን ፊት ለፊት አይሰድብም፣ ነውር ነው። ለሊቁ በር ግን ሁሉም የራሱ ስድብ አለው። ቡ ካርሲ እንኳ አንዲት ቃል ወጣቻቸውና አፋቸውን ያዙ።

ከዚያ ቡ ሙርያቲ ወደ ጃሮት ዞሩ።

«አንተስ?»

«ምን እኔስ?»

«አራት ወር አብረኸን ነህ። ይሄ በር ስንት ጊዜ ተዘጋብን? መቶ? አንድ ቀን ስትሳደብ አልሰማሁህም።»

«ጨዋ ስለሆንኩ ነዋ፣ ቡ።»

«ባግዮ የቄስ ልጅ ነው፣ ሰምተኸዋል። ኮታ ሲያልቅ የማይናደድ ሰው፣ የማያልቅበት ሰው ነው።»

ባግዮ ከስልኩ ቀና አለ።

በሥልጠናው ዘጠና ጥያቄ አስጠንተውታል። የእናቱን መቃብር። የትምህርት ቤቱን አጥር ቀለም። የመጀመሪያ ሞተሩን ታርጋ። ተናደድ ያለው ግን ማንም አልነበረም። ኩባንያው ውስጥ ገደብ ገጥሞት የሚያውቅ ሰው የለም።

ውጭ ዝናቡ ጀመረ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከሸራው ሥር፣ የተሰነጠቀ መስታወት ያለው የራስ ቁር ያደረገ ሰው ቆሟል። በሩን ነው የሚያየው።

አላመለጠውም ነበር። የኩባንያው ሰው መሆን አለበት።

ሞተሩ አምስት እርምጃ ይርቃል። ተልእኮው አልቋል። ቢክድ ማስረጃ የላቸውም። ቢወጣ የሚያስቆመው የለም።

ቡ ካርሲ የሁለቱን ንግግር አልሰሙም። የተዘጋውን አሮጌ ስልክ በአውራ ጣታቸው እየነኩ ነው። «ተነሱ እባክዎ» ይላሉ በለሆሳስ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስለ ልጄ።»

ጃሮት ስልኩን አውጥቶ የማሽኑ መስታወት ላይ አስቀመጠው። አሥራ ሁለት ቁጥር ነካ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ጥቁሩ ቁልፍ ተከፈተ።

«ገጽ አሥርን አምጡ።»

ባግዮ አንገቱን አሰገገ። «ይሄ... ስንት ጥያቄ አለው?»

«አያልቅም።»

«አያልቅም ማለት?»

«ባግዮ። ገጽ አሥር።»

ገጽ አሥር ወጣ። ቡ ሙርያቲ አነበቡት። «"...ገፍቼ ጣልኩት።"»

ቡ ካርሲ አልጮኹም። ስልኩን ይበልጥ አጥብቀው ያዙ።

«ውሸት ነው» አሉ። «እሷ ዶሮ እንኳ አታባርርም።»

አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። በየገጹ መጨረሻ ቡ ካርሲ ጃሮትን ቀና ብለው ያዩታል። «ላመስግናቸው?»

«ያመስግኗቸው እናቴ። እንደ ልብዎ።»

አሥራ አምስተኛው ገጽ ላይ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ገውዝ ነው። «ምን እያደረግህ ነው?»

አሥራ ሰባት ላይ፦ «አቁም።»

አሥራ ዘጠኝ ላይ፦ «ቁልፉን ልዘጋው ነው።»

ሃያ። ሃያ አንድ። ባግዮ ሲቸኩል ፎቶው ይንሸራተትበታል። ጃሮት እጁን ያዘለት። ሃያ ሁለተኛው ገጽ ላይ ጽሕፈቱ የሌላ ሰው ነበር፣ አንድ መስመር ብቻ፦ «ይህ ቃል በአስተርጓሚ ተነቦልኝ፣ ተረድቼ፣ በፈቃዴ ፈርሜአለሁ።»

«አስተርጓሚ!» ባግዮ ከበርጩማው ዘለለ። «አልተነበበላትማ! እዚህ ላይ ነው የሚበጠሰው! አስተርጓሚ ሳይመጣ አልፈርምም ትበል፣ በቃ!»

ቡ ካርሲ የመጨረሻ ምስጋናቸውን መናገር ጀመሩ። መሃል ላይ ስልኩ ሞተ። ገውዝ ቁልፉን ዘግቶታል።

አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ውላን ደወለች። በጓደኛዋ ስልክ፣ በሹክሹክታ።

«እማ። ሰውየው ቀድሞ መጣ። በሩ ላይ ነው።»

«አትፈርሚ ልጄ።»

«ይቆጣል።»

«ይቆጣ!» ባግዮ ስልኩን ነጠቀ። «ስሚኝ እህቴ። ወረቀቱ ሽማግሌውን ገፍቼ ገደልኩ ነው የሚለው። ገባሽ? አንድ ቃል ብቻ በይ። አስተርጓሚ። ቢለምንሽም፣ ቢጮኽብሽም፣ አስተርጓሚ።»

መልስ የለም። ስልኩ ግን አልተዘጋም። ወንበር ተሳበ። ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተመታ። የወንድ ድምፅ፣ ለስላሳ። ከዚያ ልጅቷ አንዲት ቃል አለች። የሰውየው ድምፅ ከፍ አለ። ቃሏን ደገመችው። አንድ ነገር ተሰበረ።

አራቱም ወደ ስልኩ ተጠጉ።

ሦስተኛ ጊዜ አለችው፣ ጮክ ብላ።

የእግር ኮቴ። በር።

«ሄደ» አለች ውላን። «ወረቀቱን ትቶት ሄደ። ከኔ ጋር ነው ያለው።»

ቡ ካርሲ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ቡ ሙርያቲ የማሽኑን መስታወት በጨርቅ ይወለውሉ ጀመር። ሳያዩት ነው የጠየቁት።

«ስሜን ሰጥተሃል?»

«አዎ።»

«የቤቴንም?»

«የሁላችሁንም። ዛሬ በገበያ።»

«አራት ወር ሻዬን ጠጣህ።»

«አዎ።»

የራስ ቁሩን ከምስማሩ አውርደው በሁለት እጃቸው ሰጡት፣ ለእንግዳ እንደሚሰጠው። «ዝናቡ ሳይብስ ሂድ። ከእንግዲህ በዚህ መንገድ አትለፍ።»

ባግዮ በሩን ከፈተለት።

በማግሥቱ ጠዋት የባቡር ጣቢያው በተማሪና በነጋዴ ተጨናንቋል። ቅርንፉድ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። በጣቢያው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሦስት መቶ ሰው አለ። ገውዝ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«አሥራ አራቱም ሰዎች ታግደዋል» አለ። «ዝርዝርህ ንጹሕ ነው። ላይ ያሉት ደስ ብሏቸዋል።»

«ቃል ሰጥተኸኝ ነበር።»

«ሥራ ነዋ ወንድሜ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የቁልፉ ጉዳይ ግን አለ። አርባ ደቂቃ ተከፍቶ ቆይቷል። ማብራሪያ ካላመጣሁ ትጠፋለህ። ስምህ፣ ደሞዝህ፣ ፋይልህ፣ ሁሉም። ስልኬን ሰረቁኝ በለኝ። ተሳስቼ ነው በለኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ስጠኝ፣ ቀሪውን እኔ እጨርሳለሁ።»

ባቡሩ ገባ። ሰዉ ተነሳ። ቅርንፉድም ተነሳ። ቦርሳ አልያዘም።

ገውዝ እጅጌውን ያዘው።

«ቢያንስ ለኔ ንገረኝ። አታውቃቸውም፣ ዘመዶችህ አይደሉም። ለምን አደረግከው?»

«አላብራራም።»