ከላይ የወረደው ሰው

ጠጋ ጠጋ በሉ። እሳቱን ተዉት፣ ይበቃዋል፤ ይሄ በጨለማ የሚሰማ ነው።

ድሮ ነው። አንድ መንደር ነበር፣ ስሙን ተዉት። ተራራ ሥር ነው። ተራራው በረዶ ሲጥልበት መንገዱ ይጠፋል፤ ትናንት ያለፋችሁበት ዛሬ ገደል ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ያገሩ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ከላይ የሚወርድ ሲያገኝ "መንገዱ እንዴት ነው?" ይላል። የወረደውም ያየውን ይናገራል። በዚህ ነገር ማንም አይዋሽም። ለጠላቱም ቢሆን አይዋሽም። ሳይጠይቅ የሚወጣም የለም።

ሽባባው የሚባል ሰው ነበር። ልጁ የሺ ታማበታለች። አንድ ልጁ ናት፣ ሌላ የለውም። ከተራራው ማዶ ካለው ገዳም ጠበል ሊያመጣላት ሄደ። ጠበሉን በቅል ቀድቶ ሲመለስ በረዶው መጣ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ከአቀበቱ በፊት ካለችው የመጨረሻ ቤት ደረሰ። የቤቱ ጌታ አባ ድረስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

"እደር ልጄ" አሉት። "ዛሬ ከላይ የወረደ ሰው የለም። መንገዱን ማን ይነግርሃል?"

"አባቴ፣ ልጄን አስተኝቼ ነው የመጣሁት። ባድርና ባትጠብቀኝስ?"

ሽማግሌው በሩን ለቀቁለት። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?

ወጣ። ይወጣል፣ ይወጣል። ላዩም ነጭ፣ ታቹም ነጭ። ድንጋዩ የቱ ነው፣ ጉድጓዱ የቱ ነው፣ አይለይም። ልመለስ ይሆን እያለ ሲያመነታ፣ ከላይ አንድ ሰው ሲወርድ አየ። እንዴት ደስ አይበለው! ሰው አገኘ፣ ያውም ከላይ የወረደ።

"እንዴት አመሸህ?" አለ። ሰውየው ሰላምታውን አልመለሰም።

"መንገዱ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ግራውን ይዘህ ውጣ።"

አልፎት ወረደ። ሽባባው ግራውን ያዘ። ጥቂት እንደሄደ፣ ከላይ ሰው ሲወርድ አየ። ያው ሰው ነው። ያው ጋቢ፣ ያው አካሄድ። ታች የወረደ ሰው እንዴት ከላይ ይመጣል? በየት አልፎ? ሽባባው ፈራ። ግን ድካም ነው ብሎ ራሱን አታለለ፤ ልጅ የታመመችበት ሰው መመለስ አይሆንለትም።

"መንገዱ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ግራውን ይዘህ ውጣ።"

አሁን ቀረብ ብሎ አየው። በረዶው ይጥላል፤ በሰውየው ጋቢ ላይ ግን አንዲትም አላረፈችም።

ደግሞ ወጣ። ሰውየው ደግሞ መጣ። አሁን ሽባባው ከፊቱ ተገተረ።

"አንተ ሰው፣ በማርያም! እውነቱን ንገረኝ። መንገዱ ደህና ነው?"

ሰውየው አንገቱን ደፋ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለ። "ለእኔም እንዲህ ነው ያሉኝ።"

ያን ጊዜ ከሽባባው እግር ሥር በረዶው ተናደ።

ቆዩ፣ አልጨረስኩም እኮ። ሽባባው ተነሳ። የተጎዳ አካል የለውም። ብርዱም ለቀቀው፣ ድካሙም ለቀቀው። "ተመስገን" አለና ጫፉን ተሻግሮ ወደ ቤቱ ቁልቁል ሮጠ። ሊነጋጋ ሲል ከታች ሰው ሲመጣ አየ። ሚስቱ ውባለም ናት፤ የሺን አዝላታለች። ጠበሉ ቢዘገይባት ልጅቷን ራሷ ገዳሙ ልታደርስ ተነስታለች።

ሊጠራት ፈለገ፣ ስሟ ካፉ አልወጣ አለ። ቀና ብላ አየችው። አላወቀችውም።

"ጌታዬ፣ መንገዱ እንዴት ነው?"

ተመለሺ ሊል ነው። ልቡ ተመለሺ፣ ተመለሺ ይላል። አፉ ግን፣

"ደህና ነው። ግራውን ይዘሽ ውጪ" አለ።

አመስግናው እግሯን አነሳች። ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ሆና በረዶውን አየች። ጮኸች።

"እማ! ሰውዬው የመጣበት ዱካ የለውም!"

ውባለም ዞራ አላየችም። ልጇን እንዳዘለች ቁልቁል በረረች። የሺ በስንት መከራ ዳነች፣ አድጋም ወለደች። አባቷ እዚያው ቆሞ ቀረ። ልጁ ከእሱ ሸሽታ ተረፈች። በዚህ ደስ ይበለው ወይስ ያልቅስ? እኔ እንጃ።

በሉ፣ መሸ። ስትሄዱ ተያይዛችሁ ሂዱ። ወደ ላይኛው ሰፈር የሚሄድ ማነው? አንተ? ከማን ጋር?

ብቻህን? ቁጭ በል!