በአውቶቡስ የመጡ ምስክሮች

«እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ዛሬ እዚህ በምን መጣችሁ?» አለ ከለንደን የመጣው ሰብሳቢ።

አዳራሹ ውስጥ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡት አርባ የፖንትሄሊግ ከተማ ሰዎች መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። የባቡር ጣቢያችን አይዘጋብን ብለው ሊሟገቱ የመጡት በአውቶቡስ ነበር። ስብሰባው በሌላ ከተማ፣ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ባቡሩ ደግሞ አምስት ሰዓት ሳይሆን አይደርስም። ስለዚህ ዳቦ ጋጋሪው፣ ኤምሪስ ዳቦ፣ አውቶቡስ ተከራየላቸው። አሁን ያ አውቶቡስ ከሰብሳቢው ፊት ለፊት ባለው መስኮት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሄሌድ የኋላ ወንበር ላይ ሆና መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷን ኢድዋል ሲግናል ይሉታል፤ ፖንትሄሊግ ውስጥ ሰው የሚጠራው በሥራው ነውና። ከጣቢያው አጠገብ ባለችው ከፍ ያለች ክፍል ውስጥ ሆኖ ለባቡሮች ምልክት ሲሰጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። የሚኖሩበት ቤትም የባቡር ድርጅቱ ነው። ጣቢያው ከተዘጋ ሥራውም ቤቱም ይሄዳል፤ የሚቀራቸው ድንበር ተሻግሮ፣ እንግሊዝ አገር ተሰዶ የፋብሪካ ሥራ መለመን ነው።

ከተማዋም ብትሆን ያው ናት። ባቡር ከመምጣቱ በፊት እዚያ የነበረው አንድ ድልድይና የበግ በረት ብቻ ነው። ሆቴሉም፣ ዳቦ ቤቱም፣ ጸሎት ቤቱም ጣቢያውን ተከትለው የመጡ ናቸው። ታዲያ መኪናው እንደ ውሃ እያሳሳቀ ወሰዳቸው፤ ዛሬ አንዱ ገዛ፣ ነገ ሌላው፤ ባቡር የሚጠበቅበት መድረክ ባዶውን ሲቀር ማንም ልብ አላለም።

ቀጥላ የመሰከረችው የሄሌድ ጓደኛ ቴግዌን ነበረች። «በየቀኑ ትምህርት ቤት የምንሄደው በባቡር ነው። አሥራ ሁለት ልጆች ነን» አለች፣ እንባዋ እስኪመጣ። ሰው አጨበጨበላት። አባቷ መኪና ከገዛ ወዲህ ባቡር ውስጥ እግሯን አስገብታ አታውቅም።

«ሄሌድ ፓሪ» ብሎ ሰብሳቢው ተጣራ።

ሲተላለፉ ቴግዌን ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «አሥራ ሁለት በይ፣ እሺ? ደሞ እንዳታበላሺው!»

«ጓደኛሽ ያለችው ልክ ነው? አሥራ ሁለት ናችሁ?»

ሄሌድ አዎ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። አባቷ ትዝ አላት። ጠዋት አብረን እንሂድ ስትለው «ሁላችንም ከሄድን ባቡሩን ማን ያሳልፈዋል?» ነበር ያላት። ቀና ስትል ከሰብሳቢው ዓይን ጋር ተገጣጠመች። ሰውየው መልሱን ያውቀዋል፤ የተሸጠው ትኬት ቁጥር ፊቱ ተቀምጧል። አሥራ ሁለት ብትል፣ እውነት የሚሄዱትም ውሸት ሊሆኑ ነው።

«አምስት ነን» አለች። «እኔ አንዷ ነኝ።»

ስብሰባው አልቆ ሲወጡ ኤምሪስ ዳቦ የአውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። «እሰይ፣ የኔ ጀግና! የአባትሽን ጉሮሮ በገዛ እጅሽ ዘጋሽው አይደል?»

ቴግዌን ፊቷ በእንባ ርሷል። «በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም አደረግሽኝ!»

«መኪና ከገዛችሁ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ በባቡር መጥተሻል?»

«የሚያድናችሁ ውሸት ነበር እኮ!»

«እውነቷን ቢሆንስ?» አለች ሄሌድ በልቧ። አውቶቡሱ ላይ ሳትወጣ ወደ ባቡሩ ሄደች።

ፖንትሄሊግ ላይ የወረደችው እሷ ብቻ ነበረች። ደረጃውን ወጥታ ወደ አባቷ ክፍል ገባች።

«ሰዎቹስ?»

«በአውቶቡስ እየመጡ ነው።» ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። «አባዬ፣ አምስት ነን ብዬ መሰከርኩ።»

ኢድዋል የምልክቱን ዘንግ ወደ ቦታው መለሰና በጨርቅ እጁን ጠራረገ። «ከሰኞ ጀምሮ እኮ አራት ናችሁ። አምስተኛዋ፣ ግዌኒ፣ በአጎቷ መኪና ነው የምትሄደው።»

«አሟት መስሎኝ ነበር።»

«አላመማትም።» ጨርቁን አጥፎ አስቀመጠ። «የቴግዌን አባት አንቺንም በመኪናው ልውሰዳት ብሎኛል። ባቡሩን ተይው ልጄ። ብትዋሺም ባትዋሺም ይዘጉታል። በዚህ ብርድ መድረክ ላይ ምን ያንቀጠቅጥሻል?»

ሄሌድ በጣም ፈራች። አባቷ ተስፋ ሲቆርጥ አይታው አታውቅም፤ ደግሞም ልክ መሆኑ ገብቷታል። ከታች አውቶቡሱ ደርሶ ሰዎቹ እየተንጫጩ ሲወርዱ ይሰማል።

«ለቴግዌን አባት አመሰግናለሁ በልልኝ» አለች። «እኔ ግን በባቡር ነው የምሄደው።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪዘጉት።»