መሰላሉን አስፉት

የዘር መዝገብ ሠራተኛው ዓለምነው በሉማሜ የዘር አከፋፋይ ማኅበር መጋዘን ውስጥ፣ በታጣፊው የእንጨት መሰላል አጠገብ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ሥራነሽ ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ የመሰላሉ እግሮች ከልክ በላይ ተበርግደው፣ የሚያያይዛቸው ገመድ ተበጥሶ ነበር።

የመጋዘኑ ኃላፊ ደምለው በካቴና ታስሯል። የሟች ታናሽ ወንድም ነው። መዳፎቹ ተልጠዋል።

እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ኪዳን በሩ ላይ ኩርምት ብለዋል። «አንዱን ነገ እቀብራለሁ። ሌላውንም ልትወስዱብኝ ነው፣ ልጄ?»

ሥራነሽ ወደ ደምለው ዞረች።

«መሰላሉን የሰበርኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ወድቆ አግኝቼው ስጮህ ‹መሰላሉን አስፉት› አለኝ። ደጋግሞ ለመነኝ።»

ሳጅን ደርቤ ሳቀ። «ነፍሱ ልትወጣ መሰላል አስፉልኝ ይላል? እኛን ጅል አደረገን እኮ!»

ሥራነሽ ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። የመሰላሉ እግር ደሙን እየጎተተ አልፏል። ስለዚህ የተበረገደው ሰውየው ከወደቀ በኋላ ነው። ከሟች የውስጥ ኪስ ደግሞ ከኬሻ ላይ የተቀደደ፣ ረጅም ቁጥር ያለበት መለያ አገኘች። ለማንም አልተናገረችም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ታዲዮስ ቢሮአቸው ውስጥ ተቀበሏት።

«መጋዘን አልገባሁም። ጠዋት ዓለምነው የዘሩን ዝርዝር አትሞ ሰጠኝ፤ ቁጥሩን እዚሁ አነበብሁ።»

«ያስታውሱታል?»

«እንዴታ! መጨረሻው 441 ነው።»

ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥተው ሳያዩት ሰጧት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። አቶ ታዲዮስ የሰጧትን፣ በቁጥር ፋንታ # # # # የተደረደረበትን ወረቀት ለጸሐፊዋ ለፀደንያ አሳየቻት።

«ይሄን ምን ትሉታላችሁ?»

«መሰላል ነዋ! ቁጥሩ ረዝሞ ሳጥኑ ሲጠበው ኤክሴል እንዲህ ይደረድራል። ጋሼ ዓለምነው ሁልጊዜ ‹አንቺ ልጅ፣ መሰላሉን አስፊው እንጂ› እያለ…» ፀደንያ አፏን በእጇ ያዘች።

«እስኪ አስፊው።»

ዓምዱ ሲሰፋ መሰላሉ ጠፍቶ ቁጥሩ ወጣ። መጨረሻው 118 ነው።

«አቶ ታዲዮስ» አለች ሥራነሽ፣ «ወረቀቱ ላይ መሰላል እንጂ ቁጥር የለም። ሟች ‹አስፉት› ያለው ይህን የኮምፒውተሩን መሰላል ነው፤ ሲሰፋ 118 ይላል። 441 ያለው ሟች ከላይኛው ኬሻ ቀድዶ በደበቀው መለያ ላይ ብቻ ነው። አምራቹን ደውዬ ጠየቅሁ፤ ጊዜው ያለፈበት ዘር ነው።»

«ቁጥሩን ከድሮም አውቀው ይሆናላ!»

«ካወቁትማ አሮጌ መሆኑንም እያወቁ ለጉንደ ወይን ገበሬ ሊያከፋፍሉ ነበር። ካላወቁት ደግሞ የሰሙት ዓለምነው መሰላሉ ላይ ቆሞ ሲያነብብልዎ ነው። ጆሮዎ ላይ የቀረው የእሱ ድምፅ ነው።»

ታዲዮስ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጡ። «ውረድ አልሁት… እምቢ አለኝ። መሰላሉን ነቀነቅሁት እንጂ ይሞታል ብዬ አይደለም።»

ካቴናው ከደምለው እጅ ወደ ታዲዮስ ዞረ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ተነሥተው «ና፣ ልጄ» አሉ።

ደምለው ግን አልተንቀሳቀሰም። የተላጡትን መዳፎቹን ያያል።

«እማ፣ እጁን ዘርግቶልኝ ነበር። እኔ እንጨቱን ላሰፋ ስታገል… ሳልይዘው ቀረሁ።»

እናቱ ቀረቡና ሁለቱንም እጆቹን ያዙ። እስኪመሽ አልለቀቋቸውም።