የአራተኛው ፎቅ ሙቀጫ

መብራቱ እንደሆነ ዛሬ አይመጣም። ሻማውን ከነፋሱ ከልሉትና ደረጃው ላይ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም ና ተቀመጥ፣ ሱራፌል። መብራት ባይጠፋ ይሄን ጊዜ ያ ሙዚቃህ ግድግዳችንን ያንቀጠቅጥ ነበር። «ተረት ተረት» አልላችሁም፣ እናንተም «የላም በረት» እንዳትሉኝ። ይሄ ተረት አይደለም።

ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነበር። ቦታው እንዲህ እንደኛው ያለ ኮንዶሚኒየም ነበር፤ ብሎኩን አልነግራችሁም። ደረጃው ጨለማ ነው። ደረጃው ላይ ሰው የለም። ሰው ሁሉ ተኝቷል። ሰው ሁሉ ስል አንድ ሰው ሲቀር ነው።

ማን ነው እሱ? አቶ ዘርጋው ይባላል። መጨረሻው ፎቅ፣ አራተኛው ላይ ይኖራል። ከሱ በላይ ቆርቆሮና ሰማይ ብቻ ነው። ሚጥሚጣ እያዘጋጀ ለየሱቁ ያከፋፍላል። ቀን ሲያከፋፍል ይውላል፣ ማታ ይወቅጣል። ዱ! ዱ! ዱ! እስከ ስንት ሰዓት? እስከ ዘጠኝ ሰዓት!

ወንድ ልጅ መውቀጡ አይደለም የከፋኝ፤ ይውቀጥ። ግን እስኪ ንገሩኝ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሙቀጫ የት ነው የሚወቀጠው? ምድር ላይ! ግቢው ውስጥ የጋራ ማብሰያ ቤት የተሠራው ለምንድን ነው? የሚታረደው እዚያ ይታረዳል፣ የሚወቀጠው እዚያ ይወቀጣል። ይሄን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ዘርጋው ግን ሙቀጫ ተሸክሞ አራት ፎቅ መውረድ ሰለቸውና ሳሎኑ መሃል ተከለው።

ከሥሩ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እማማ ትርንጎ። ልባቸውን ታመው አልጋ ይዘዋል። ሐኪሙ ምን አላቸው? «ከመድኃኒቱ ይልቅ እንቅልፍ ነው የሚያድንዎት» አላቸው። እንቅልፍ ከየት ይምጣ? በተወቀጠ ቁጥር የኮርኒሱ ኖራ ፊታቸው ላይ ይረግፋል።

ልጃቸው ወጥታ ለመነችው፣ እሺ አላለም። የብሎኩ ኮሚቴ ጠራው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በመጨረሻ እማማ ራሳቸው ግድግዳ እየተደገፉ ወጡና በሩን አንኳኩ።

«ዘርጋው ልጄ፣ እስኪነጋ ብቻ ዝም በልልኝ።»

«እማማ፣ በገዛ ቤቴ ነው» አላቸውና ዘጋባቸው።

እማማ ግን እጅ የሚሰጡ ሴት አልነበሩም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ይመታሉ። ኳ! ኳ! ኳ! ሦስት ጊዜ። እሱስ? በሙቀጫ ይመልስላቸዋል። ዱ! ዱ! ዱ! ኳ! ኳ! ኳ! ዱ! ዱ! ዱ! አንድ ሌሊት የታችኛው ኳኳታ ቀረ። እማማ ሞቱ። መጥረጊያውን ከእጃቸው ያስለቀቅነው በግድ ነው።

ድንኳን ተተከለ። ያን ለት እንኳ ወቀጠ! ታች ለቅሶ፣ ላይ ሙቀጫ። ይሄን ሳወራ አሁንም ደሜ ይፈላል፤ ይፍላ።

በሦስተኛው ሌሊት ዘርጋው ዘነዘናውን አነሳ። ሳያሳርፈው ከሥሩ፣ ኳ! ኳ! ኳ! «ልጅቷ ናት» አለና ወቀጠ። ኳኳታው ግን አልተወውም። መኝታ ቤት ሲገባ አልጋው ሥር መጣ። መታጠቢያ ቤት ሲገባ እግሩ ሥር መጣ። «ዛሬ አሳያታለሁ!» ብሎ ዘነዘናውን እንደያዘ በጨለማ ደረጃውን ወረደ። ከማን ጋር? ብቻውን።

የሦስተኛ ፎቅ በር በውጭ ተቆልፏል። ልጅቷ ድንኳን ውስጥ ከለቀስተኛው ጋር ናት። ታዲያ ውስጥ ማን አለ? ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ዝም። አሁንም ዝም። ከዚያ ከላይ፣ ከራሱ ሳሎን፣ ዱ! ዱ! ዱ!

ዘነዘናው የት ነው? እጁ ላይ ነው!

«ማነው ቤቴ የገባው?» ብሎ ጮኸ። ከተቆለፈው በር ጀርባ፣ ጆሮው ሥር፣ ቀስ ብሎ ምን መለሰለት?

«እስኪነጋ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

ጠዋት የጋራ ማብሰያ ቤቱ ውስጥ ሙቀጫውን ታቅፎ ተቀምጦ አገኘነው። የሰማውን ሁሉ በሹክሹክታ ነገረን፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ከሹክሹክታ አልፎ አያውቅም። በወሩ ቤቱን ለቀቀ።

ምን ያስቅሃል ሱራፌል? «ማዘር፣ እርስዎ በምን አወቁ?» ነው የምትለኝ? ድንኳን ውስጥ የነበረችው ልጅ እኔ ነኛ! አልጋነሽ ትርንጎ የወለደቻት! ብሎኩም ይሄው ነው፤ እናንተ ሁላችሁ ከዚያ ወዲህ የገባችሁ ናችሁ። ስንቱ «ቤቱን ሽጠሽ ሂጂ» አለኝ መሰላችሁ? አልሄድም! እናቴን ያላስወጣ ጩኸት እኔን አያስወጣኝም። ዘርጋው የለቀቀው ቤት ደግሞ አንተ የተከራየኸው ነው። ትናንት ድምፅ ማጉያውን ቀንስልኝ ብዬ ስለምንህ ምን አልከኝ? ንገራቸዋ! «ማዘር፣ በገዛ ቤቴ ነው።» ተከራይተህ!

እሰይ፣ መብራት መጣ... ወይኔ ጉዴ! አትጩኹ! አትጩኹ፣ የሱ ድምፅ ማጉያ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሳይዘጋው ወርዶ ነው። ሂድ፣ ዝጋው። ምን ይገትርሃል? የገዛ ቤትህ አይደል?

ቆይ። ቆዩ እስኪ። ሰማችሁ?

ኳ... ኳ... ኳ...

ከሦስተኛ ፎቅ ነው። ከቤቴ። እኔ እዚህ ነኝ፤ ቁልፉም ይኸው እጄ ላይ ነው። ሌላ ሰው የለኝም።

ሙዚቃውም ቆመ። ማን አቆመው?

እኔ አልፈራም። እናቴ ናት፣ ምን ያስፈራኛል?  ና ሱራፌል፣ ክንዴን ያዝ፣ አብረን እንወጣለን። በዚህ ደረጃ ማታ ብቻህን እንዳትወጣ፤ ዛሬም፣ ሌላም ቀን። የቤቴ በር ጋ ስንደርስ ደግሞ «እማማ፣ ከእንግዲህ ዝም ብያለሁ» በላት።

ጮክ ብለህ እንዳይሆን። ቀስ ብለህ።