የጠፉ ሰዎች ደወል

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ፣ በር አጠገብ የተቀመጥከው፣ በሩን ግጠመው። ውጭ ያለው ውጭ ይቅር።

ጊዜው ድሮ ነው። ሰዓቱ ሰው ከሰው የማይለይበት ድንግዝግዝ። አገሩ ፈረንሳይ፣ ተራራ ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ትንሽ ከተማ። ስሟን አልነግራችሁም፤ ሄጄ ካላየኋት የሚል ደፋር እንደማይጠፋችሁ አውቃለሁ። መንገዷን ግን ልንገራችሁ። ከታች፣ ገደሉ ላይ፣ የድንጋይ ድልድይ አለ። ጥንት መነኮሳት የሠሩት ነው፤ ጠባብ ነው፣ መደገፊያም የለው። ድልድዩን ስታልፉ የከተማዋ በር አለ፤ ግማሹ በጦርነት ፈርሷል፣ ግማሹ ቆሟል። ከበሩ ሽቅብ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ያደርሳል። እዚያ ግንብ አለ። ግንቡ ላይ ደወል አለ።

የጠፉ ሰዎች ደወል ይሉታል። ለምን መሰላችሁ? በዚያ አገር በረዶ ሲጥል ሰማይና ምድሩ አንድ ይሆናል፤ መንገደኛ የገዛ እጁን አያይም። ስለዚህ ደዋዩ ከምሽት እስከ ንጋት ይደውላል። መንገደኛውም ድምፁን እየተከተለ ድልድዩን ይሻገራል። ሕጉ አንድ ነው፤ ሳይነጋ ገመዱ አይለቀቅም። ድሮ አንድ ደዋይ ለቅቆ ወጣና ድልድዩ ላይ የነበሩ ተሳላሚዎች ገደል ገቡ። እሱም ወጥቶ ቀረ። ምን አስለቀቀው? ቆዩ፣ እንደርስበታለን።

በኋላ ደዋዩ ማርሴላን የሚባል ሰው ሆነ። ሚስቱ ሞታበታለች። ያለችው አንዲት ልጁ ሶላንዥ ብቻ ናት፤ ከገደሉ ማዶ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። «አባዬ፣ አንተ ጋ መጥቼ ነው የምወልደው» ብላ መልእክት ልካለታለች። ያን ቀን ትመጣለች ተብሎ ቀኑን ሙሉ መንገድ መንገድ ሲያይ ዋለ። መሸ። ሶላንዥ አልመጣችም። በረዶው መጣ።

ምን ያድርግ? ገመዱን ያዘና ደወለ። «ምናለ እዚያው ማደሪያ አግኝታ በቀረች» እያለ ደወለ። መዳፉ ተላጠ፣ ደወለ። እንባው ጉንጩ ላይ ደረቀ፣ ደወለ።

ከዚያ ከግንቡ ውጭ ኮቴ ሰማ። ኮቴው በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀጥሎ ትንፋሽ ሰማ። ቀጥሎ፦

«አባዬ።»

«ሶላንዥ! ግቢ ልጄ፣ በሩ ክፍት ነው!»

አልገባችም።

«አባዬ፣ በረደኝ።»

«ግቢ እንጂ! ገመዱን መልቀቅ እንደማልችል ታውቂ የለ!»

«አባዬ፣ ምጤ መጣ። እግሬ አልሄድ አለኝ።»

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትዋሹኝ። አባት የሆናችሁ አትዋሹኝ።

«አምላኬ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ» አለ ማርሴላን። ገመዱን ለቀቀ። ደወሉ ዝም አለ።

ወጣ። ማንም የለም። «አባዬ» አለ ድምፁ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ። ፋኖሱን አንስቶ ቁልቁል ሮጠ። «አባዬ» አለ፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ። የፈረሰው በር ጋ ሲደርስ ጥላ የመሰለ ነገር አየ። ቀረብ ሲል ካባ ነው። ቀረብ ሲል ጀርባውን የሰጠ ሽማግሌ ነው።

«አባቴ፣ ልጄን አላዩዋትም?»

ሽማግሌው አልዞረም። «ገመዱን ማን ይዞታል?» አለ።

«ማንም።»

«እኔም የሚስቴን ድምፅ ሰምቼ ነው የለቀቅኩት። ከዚያ ወዲህ እዚህ በር ላይ ቆሜ ኖርኩ። ሌላ ደዋይ ካልለቀቀ ዕረፍት የለኝም።»

ዞረና እጁን ዘረጋ። መዳፉን ገመድ በልቶት አጥንቱ ይታያል። አፉን ከፈተ። የወጣው የሶላንዥ ድምፅ ነው!

«ይቅር በለኝ፣ አባዬ» አለው።

ካባው ባዶውን በረዶው ላይ ወደቀ።

ያን ጊዜ ከታች፣ ከድልድዩ፣ ሌላ ድምፅ ተሰማ። ይኼኛው የእውነት ነው። ይንቀጠቀጣል።

«አባዬ! ደወሉ የት ሄደ?»

«ባለሽበት ቁሚ! እንዳትንቀሳቀሺ!» እያለ ጮኸ። በረዶው ጩኸቱን ዋጠው፤ በዚያ አገር በረዶን አልፎ የሚሰማው ደወሉ ብቻ ነው። ቁልቁል ቢሮጥ አይደርስ፣ ሽቅብ ቢሮጥ አይደርስ። ሽቅብ ሮጠ። እየወደቀ፣ እየተነሳ፣ ስሟን እየጠራ ሮጠ። ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ እስኪነጋ ደወለ። ግን ማንም አልመጣም።

ጠዋት ሶላንዥን ከገደሉ ሥር አነሷት። ማርሴላንን ፍለጋ ወደ ግንቡ ወጡ፤ ገመዱ ደም ለብሶ ይወዛወዛል፣ ሰውየው የለም። ከዚያ ወዲህ በረዶ ሲጥል የፈረሰው በር ላይ አንድ ሰው ይቆማል አሉ፣ የምትወዱትን ሰው ድምፅ ይዞ።

እኔ ጨረስኩ። ስትሄዱ ተያይዛችሁ ሂዱ፤ ማንም ብቻውን እንዳይወጣ። የምትወዱት ሰው ከውጭ ጠርቷችሁ፣ ግባ ስትሉት ካልገባ፣ አትውጡ።

አንተ! በሩን ግጠመው ያልኩህ! ወዴት ነው የምትነሳው?

«እናቴ ጠራችኝ» ነው ያልከው?

ቁጭ በል ልጄ። እናትህ ይቻትና፣ እዚህ አጠገቤ ተቀምጣለች።