የአራተኛው ኩሬ ቅጽ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የፓልም ዘይት ፋብሪካው አራቱ የፍሳሽ ኩሬዎች በልካቸው ሞልተዋል፤ አዲስ የተቀባው የግቢው በር ደርቋል፤ ለአካባቢ ጥበቃ የምስክር ወረቀት የሚመረምሩት ኦዲተሮች ሊደርሱ ሁለት ሰዓት ቀርቷቸዋል። የፋብሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ፣ ሠራተኞቹ በአክብሮት «ኢቡ» (እመቤት) የሚሏት ኬማላ፣ አራተኛው ኩሬ ዳር ተደፍታ ተገኘች። ማጅራቷ ተፈንክቷል።

ኢንስፔክተር ኑርላይላ አጠገቧ የወደቀውን ቅጽ አነሳች። «ኩሬ 4። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር። የአሲድ ልኬት 7.42» ይላል። ቅጹ እውነት ከሆነ ኬማላ በዚያ ሰዓት በሕይወት ነበረች ማለት ነው። ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ለስም ጥሪ ተሰልፎ ነበር፤ ከኩሬዎቹ ፓምፕ ከማይለየው ከዋጊማን በቀር። ፖሊሶቹ ዋጊማንን በካቴና አስረውታል።

«እኔ? ኢቡን?» አለ ዋጊማን። «ልጄን ትምህርት ቤት ያስገባችልኝ እኮ እሷ ናት!»

ኑርላይላ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ፣ በአገሩ ወግ «አቶ» ለማለት «ፓክ» ብላ ጠራችው። «ፓክ ሄንድራዋን፣ ሕግ ሳያስገድዳችሁ ይህን የምስክር ወረቀት ለምን ፈለጋችሁት?»

«እውነቱን ልንገርዎት? ከወንዙ ማዶ ያለው ፋብሪካ አገኘ። ትልቁ ገዢያችን ጥሎን ወደ እሱ ሄደ። ሠርግ ብሄድ ‹እናንተስ መቼ ነው?› ነው የሚሉኝ።»

«ቅናት ነዋ!»

«ቅናትም ኩሬ ያጸዳል፣ ኢቡ ኢንስፔክተር።»

የላቦራቶሪው ኃላፊ ፓክ ታምቡናን በስተኋላቸው ሳቀ። «ስድስት ዓመት ውሃውን የመረመርኩት እኔ። እሷ ከመጣች ገና ዓመቷ፤ ኦዲተር የምትቀበለው እሷ፣ ፎቶ የምትነሳው እሷ። ለነገሩ አሁን ምን ዋጋ አለው፣ ነፍስ ይማር።»

«ቀንተውባታል?»

«የማይቀና ማን አለ? ግን ስም ጥሪ ላይ ነበርኩ። ሁለት መቶ ሰው አይቶኛል።»

ኑርላይላ የሟቿን መለኪያ ከቦርሳዋ አውጥታ አራቱም ኩሬዎች ውስጥ ነከረችው። ቀጥላም ኬማላ በዓመቱ የሞላቻቸውን ቅጾች አንድ በአንድ አገላበጠች። ከዚያ ሦስቱንም ስም ጥሪ የሚደረግበት ሜዳ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«የኬማላ መለኪያ ከነጥብ በኋላ የሚያሳየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በቅጾቿም ሁሉ ላይ ያለው አንድ ነው። በዛሬው ግን ሁለት አለ። ሁለት የሚያሳየው የላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ያለው መሣሪያ ነው።»

«እዚያ ገብታ ለክታ ይሆናላ!» አለ ሄንድራዋን።

«ያለ ፓክ ታምቡናን ላቦራቶሪውን የሚከፍት የለም። እሳቸው ደግሞ በዚያ ሰዓት ስም ጥሪ ላይ ነበሩ፤ ራሳቸው ነግረውናል። ስለዚህ ቁጥሩን ማንም አልለካውም፤ የፈጠራ ነው። ኬማላ የሞተችው ከስም ጥሪው በፊት ነው። ገዳይዋ እጅ ጽሑፏን አስመስሎ፣ ያልደረሰ ሰዓት ጽፎ፣ ጥርጣሬው ዋጊማን ላይ እንዲወድቅ አድርጎ ሰልፍ ገባ። የስድስት ዓመት ልማዱ ግን እጁን አልለቀቀውም። ሁለተኛዋን ቁጥር ጨመራት።»

ታምቡናን ጣቶቹን ተመለከተ። «ለኦዲተሮቹ ያዘጋጀችው ሰነድ ሦስት መቶ ገጽ ነው» አለ። «ስሜን ፈለግሁት። አንድም ቦታ የለም።»

ኑርላይላ የዋጊማንን ካቴና ራሷ ፈታች። ኦዲቱ አራት ወር ዘግይቶ ተካሄደ፤ ፋብሪካው ከአንድ መቶ ሃያ ስድስቱ መስፈርቶች አንድ መቶ አሥራ ዘጠኙን አሟላ።